ገበሬውስ?

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ከሰዓት ጀምሮ ዝናብ እየጣለ ነው፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከተሰማችሁ እሱ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ በንባብ ክበባችን አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ወርዶ ሲኒው ታጥቦ እንኳ አልጨረስንም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ክርክር ይዣት ወደ ቤት የገባሁት አንዲት ጥያቄ ናት። አንድ ቃል ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ሰነበተች። እስከዚያች ቃል ድረስ እንዴት እንደደረስን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ዶና ታርት እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችው «ዘ ሲክሬት ሂስትሪ» ነው። «ምስጢራዊው ታሪክ» ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያ ልቦለዷ ነው፤ ሆኖም አሳታሚው ገና ከመጀመሪያው 75,000 ቅጂ አተመላት። ስሟ ላልታወቀ ደራሲ እንዲህ አይደረግም። ከዚያ ወዲህ የጻፈችው ሁለት ልቦለድ ብቻ ነው፤ አንዱ በ2002፣ ሌላው በ2013። በሦስተኛው በ2014 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች። በአሥር ዓመት አንድ መጽሐፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስቀናኛል።

በነገራችን ላይ ርዕሱ ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ጋር አንድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስንና የሚስቱን የቴዎዶራን ገበና ያወጣበት መጽሐፍ በዚሁ ስም ነው የሚታወቀው። ያው ፕሮኮፒየስ ስለ ጦርነቶች በጻፈው በሌላኛው ሥራው የእኛን አፄ ካሌብን ያነሳቸዋል፤ ባሕር ተሻግረው በዛሬዋ የመን ወደነበረችው ሂምያር የዘመቱበትን ታሪክ ይተርካል። ይህን ሳውቅ የሩቅ ዘመድ ቤት የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ። ማን እንደሞተና ማን እንደገደለው ደራሲዋ ራሷ በመግቢያው ገጽ ላይ ስለምትናገር ያበላሸሁባችሁ አይምሰላችሁ። ግን ምንም ሳልሰማ ላንብብ የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙት፤ አልቀየማችሁም።

አሜሪካ፣ ቨርሞንት በሚባለው ግዛት ውስጥ ሃምፕደን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። ኮሌጁ የፈጠራ ነው። ታርት ራሷ በ1980ዎቹ የተማረችው እዚያው ቨርሞንት በሚገኘው በቤኒንግተን ኮሌጅ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ተራኪው ሪቻርድ ነው። ከካሊፎርኒያ፣ አባቱ ነዳጅ ማደያ ከሚሠራበት ቤት የመጣ ልጅ። በዚህ ኮሌጅ ጁሊያን የሚባል የጥንታዊ ግሪክኛ መምህር አለ፤ የሚያስተምራቸው አምስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሄንሪ፣ ፍራንሲስ፣ መንትዮቹ ቻርልስና ካሚላ፣ እና ባኒ። ሪቻርድ ስድስተኛ ሆኖ ይገባል። ለመግባትም፣ ከገባ በኋላም ስለ አስተዳደጉ ይዋሻል። ሀብታም ቤት ያደገ ያስመስላል።

ከእነዚህ ውስጥ አራቱ፣ ባኒና ሪቻርድ በሌሉበት፣ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ለወይን አምላካቸው ለዲዮኒሰስ ይደረግ የነበረውን፣ ሰው ራሱን እስኪስት የሚያደርሰውን ሥርዓት ሌሊት ጫካ ውስጥ ይሞክራሉ። ይሳካላቸዋል። ወደ ልባቸው ሲመለሱ አንድ ሰው ሞቶ ያገኛሉ። ይህ ነገር ከጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ከዩሪፒድስ ድራማ የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ለመድረክ በበቃው «ባካይ» ውስጥ አጋቬ የምትባል እናት በዚሁ አምላክ መንፈስ ተይዛ፣ አንበሳ መስሏት የገዛ ልጇን ትቦጫጭቀዋለች። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲያነቡት የኖሩትን ነገር ጫካ ወርደው ኖሩት።

ከዚያ ባኒ ይደርስበታል። ደርሶበትም ዝም አይልም፤ ይነካካቸዋል፣ ገንዘባቸውን ይበላል፣ ሰው ፊት በነገር ይጠቀጥቃቸዋል። በመጨረሻ ገደል አፋፍ ላይ ይጠብቁታል። ሪቻርድም አብሯቸው ይጠብቃል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

እኛ ሰባት ነን። ስድስታችን አዲስ አበባ፤ አንዷ እህታችን አሜሪካ ናት፤ በስልክ ትገባለች። እኛ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እሷ ዘንድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ነርስ ናት፤ አንዳንዴ የሌሊት ተራ ወጥታ ሳትተኛ ነው የምትቀላቀለን። አንድ የታተመ ቅጂ ነው ያለን፤ እሱ በየተራ ዞረ፣ የቀሩት በስልካቸው አነበቡት።

ከሁላችንም ታናሿ መጽሐፉን ያመጣችው ከቲክቶክ ነው። ታውቁታላችሁ መቼም፤ ሻማ፣ የሱፍ ኮት፣ ያረጀ መጽሐፍ፣ በመስኮት የሚታይ ዝናብ። «ዳርክ አካዳሚያ» ይሉታል። በተለይ በ2020 ዓለም ቤቱ በተዘጋ ጊዜ በጣም ተስፋፋ፤ ይህ መጽሐፍ ደግሞ ለእነዚያ ወጣቶች እንደ ዳዊት ነው። የእሷ አስተያየት አጭር ነበር፦ «ውብ ነው። እንደነሱ ማጥናት፣ እንደነሱ መኖር አማረኝ።» ሌሎቹ ወረዱባት። «ገዳዮች እኮ ናቸው! እነሱን መሆን ነው ያማረሽ?» አሏት። እሷ አልተበገረችም። «ዩኒቨርሲቲ ስገባ መማር እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነበር። ሃንድአውት ኮፒ አድርጌ፣ ሸምድጄ፣ ተፈትኜ ወጣሁ። ሰው ለአንድ ቋንቋ ብሎ ሌሊቱን ሲነጋ እንኳ ሳያውቅ እንደሚያድር ያየሁት እዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። ይህን መመኘቴ ምኑ ያስነውራል?»

እኔ በዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመማር ረሃብ አለ፤ ያ ረሃብ እውነተኛ ነው። ረሃቡ ባይኖር ወጥመዱም አይሠራም ነበር።

ሁለተኛው የሂሳብ ባለሙያ ወዳጃችን ነው። ሁለት መቶኛው ገጽ አካባቢ ትቶታል። «አንድ እንኳ የምወደው ሰው አጣሁ። ስድስት ሰካራም ለምን ብዬ ነው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የምሸከመው?» አለ። ይህን አስተያየት በብዙ አንባቢ አፍ ሰምቼዋለሁ። መልስ የለኝም። ሰው ከሚጠላው ሰው ጋር ረጅም መንገድ እንዲሄድ አይገደድም። ካሚላ ላይ የተነሳውም ትክክል ነው፤ ሴቲቱ ጥላ ናት፤ ሪቻርድ ሲያያት እንጂ ራሷ ስታስብ አናገኛትም።

የባኒ ነገር ግን ቤቱን ለሁለት ከፈለው። አንዷ፣ በጣም የዋህ የምላት ጓደኛዬ፣ ሲኒዋን አስቀምጣ «እኔ ሲሞት ተገላገልኩ» አለች። ዝም አልን። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ አፉ ነው አፋፍ ላይ ያደረሰው» ብላ ጨመረች። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ ሦስተኛው ተነሳ። ባኒ ምግብ ቤት ጋብዞ ሂሳቡ ሲመጣ ገንዘብ የለኝም እንደሚል፣ ሰውን በእምነቱ፣ በልብሱ፣ በሚያፍርበት ነገር ሁሉ እንደሚወጋ እየጠቀሱ ይከሱት ጀመር። ልብ በሉ፤ ልጁ ተገድሏል። እኛ ደግሞ ሞቶም እየከሰስነው ነው።

እና ያኔ አሜሪካ ያለችው እህታችን በስልክ እንዲህ አለች። እሷ አላነበበችውም፤ መኪና እየነዳች ነው የሰማችው፤ ራሷ ታርት ያነበበችው ቅጂ አለ። «እኔ ድምፅ ነው የሰማሁት» አለች። «ለብዙ ሰዓት አንድ ሰው ጆሮዬ ላይ ለስለስ አድርጎ ሲያወራኝ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እንደዚህ የሚያወሩ ቤተሰቦች አሉ። በሽተኛውን ለምን እንዳልጠየቁት ሲያስረዱኝ በጣም ደህና ሰዎች ይመስሉኛል። ስለ ባኒ የምናውቀውን ሁሉ የነገረን እኮ ገዳዩ ነው።»

የዚህ መጽሐፍ ሥነ ልቦና ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ የወንጀል ልቦለድ «ማን ገደለ?» ብሎ ያስሮጠናል። ታርት ያንን በመጀመሪያው ገጽ ከፍላ ጨርሳለች። የሚቀረው «ለምን?» ነው፤ «ለምን»ን የሚመልስልን ደግሞ እጁ ያለበት ሰው ነው። እያንዳንዱን የባኒን ጥፋት አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ይደረድርልናል። ሄንሪን ደግሞ እንድንወደው ያደርገናል፤ ሪቻርድ በዚያ በረዶ ጣሪያው በተቀደደ ክፍል ውስጥ ታሞ ሊሞት ሲል ያነሳው ሄንሪ ነውና። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ እኛም ከዛፎቹ መካከል ቆመን ባኒ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ከዚያ የቀብሩ ምዕራፍ ይመጣል፤ የባኒን አባት ሲያለቅስ እናያለን። ብዙ ሰው «ከግድያው በኋላ መጽሐፉ ተንዛዛ» ይላል። እኔ እዚያ መንዛዛት ውስጥ ነው የታመምኩት። የተንዛዛው ለቅሶው ነው፤ ለቅሶ ደግሞ እንደዚያ ነው፤ አያልቅም።

እኔ ለምን ባኒን እንደጠላሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሁን ልናገር።

አባቴ ጎሚስታ ነው። መንገድ ዳር ጎማ ይፈታል፣ ከመነዳሪ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን፤ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሁሉም ስለ ቤተሰቡ ያወራ ጀመር። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «አባቴ ነጋዴ ነው፤ የመኪና ዕቃ ያስመጣል» አልኩ። ማን እንዳስገደደኝ አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጀመረው ውሸት ከዚያ በኋላ ቀለብ ጠየቀኝ። መጋዘን ሠራሁለት፤ ዱባይ የሚመላለስ አጎት ወለድኩለት።

በሁለተኛው ሴሚስተር አባቴ ሳይነግረኝ መጣ። ጥበቃው አስጠራኝ፤ ወደ በሩ ሄድኩ። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዞ ቆሟል፤ ጥፍሩ ሥር ያ መቼም የማይለቅ ጥቁር ነገር አለ። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ጠጣን። «ጓደኞችሽን አታስተዋውቂኝም?» አለኝ። «ፈተና ላይ ናቸው» አልኩት። ጓደኞቼ ከበሩ ሃምሳ ሜትር በማይሞላ ቦታ ሣር ላይ ተቀምጠው ነበር። መኪና ላይ አሳፍሬው ተመለስኩ። ማታ ዳቦ ቆሎውን ዶርም ውስጥ ስናካፍል «ከማን ነው?» አሉኝ። «አንድ የአገሬ ሰው መጥቶ ነው» አልኩ።

መጽሐፉ ውስጥ ባኒ የሪቻርድን ውሸት ይሸትታል። ስለ ካሊፎርኒያው፣ ስለ ተማረበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ልብሱ እያነሳ፣ ሰው ፊት፣ እየሳቀ፣ ቁስሉ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። እዚያ ገጽ ላይ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ባኒ ዶርማችን ውስጥ ቢኖር ኖሮ በሁለተኛው ቀን ያውቀኝ ነበር። ለዚህ ነው የጠላሁት። ለዚህ ነው አፋፉ ላይ ሲደርስ ሪቻርድን «ተው» ያላልኩት።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አንድ ዝምተኛ ወዳጅ አለን፤ በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት የቆየ፣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት የገባ። ያን ቀን አስቀድሞ የተናገረው ስለ ጁሊያን ብቻ ነበር። ልጆቹ ያደረጉትን ሲያውቅ መምህሩ ኮሌጁን ጥሎ ይሄዳል። «የኔታ ተማሪውን ጥሎ አይጠፋም» አለ፤ ሲናገር ድምፁ ተቆጥቶ ነበር። «ይቆጣል፣ ይገርፋል፣ ንስሐ ያስገባል። ይኼ ሰውዬ ግን ቋንቋውን ነው የወደደው እንጂ ልጆቹን አይደለም።» ከዚያ ዝም አለ። እኛ ስለ ባኒ ስንጯጯህ እሱ ሲኒውን እያሽከረከረ ተቀምጧል። በመጨረሻ አንዳችን «አንተስ? ባኒ ይገባው ነበር ትላለህ?» አልነው።

«ገበሬውስ?» አለ።

እና ከእኛ መካከል አንዱ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «የትኛው ገበሬ?» ብሎ ጠየቀው።

ጫካው ውስጥ ያን ሌሊት የሞተው ሰውዬ። መጽሐፉን በሙሉ ያንቀሳቀሰው ሞት የእሱ ነው። እሱ ባይሞት ባኒ የሚያውቀው ምስጢር የለም፤ ምስጢር ከሌለ ገደል የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ግድያ ስንከራከር ስሙን ይቅርና መሞቱን ያነሳ አልነበረም።

ወዳጃችን እንዲህ ብሎ አስረዳን፤ በቃሌ እንደያዝኩት ነው የምነግራችሁ። ቅኔ ቤት ሳለ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምን ነበር። ውሻው ይናከሳል፤ ገበሬው ወጥቶ ውሻውን ይይዝና ቁራሽ ይሰጠዋል። ያ ገበሬ ቅኔ አያውቅም። ግእዝ አይሰማም። «እኔ ግን የዘረፍኩት ቅኔ ሁሉ በዚያ ሰውዬ እንጀራ ነው። አንድ ተማሪ ትልቅ ቋንቋ ሊማር ሄዶ ገበሬ ገድሎ ቢመጣ፣ እኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ገበሬው የማን አባት ነበር ተብሎ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ሲጠይቅ አላየሁም። እናንተም አልጠየቃችሁም።»

ማንም መልስ አልሰጠም። አሜሪካ ያለችው እህታችን በስልክ ስትተነፍስ ይሰማ ነበር።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ፤ ሰውዬውን ፍለጋ። የታተመው ቅጂ እኔ ጋ ነበር። አገኘሁት። የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው ያለው። ሃሪ ሬይ ማክሪ ይባላል። ዶሮ አርቢ ነበር። የቨርሞንት እንቁላል አምራቾች ማኅበር አባል የነበረ ሰው ነው። ሬሳው የተገኘው በገዛ እርሻው ላይ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ አልፌዋለሁ፤ የመጀመሪያው ንባቤ ላይ አንድም መስመር አላሰመርኩበትም፤ ከሱ ጥቂት ገጽ ፊትና ኋላ ግን ስለ ውበት የተነገሩትን ሁሉ በእርሳስ አስምሬባቸዋለሁ። ሄንሪ ደግሞ ከዚያ ሌሊት በኋላ በጥንታዊው ሥርዓት ራሳቸውን ለማንጻት የአሳማ ግልገል ገዝቶ ደሙን ያፈሳል። ለግሪኮቹ አማልክት ሥርዓቱን አሟልተዋል። ወደ ሰውዬው ደጅ ግን የሄደ የለም።

አንዳንድ አንባቢ ይህ የደራሲዋ ግድየለሽነት ነው ይላል፤ የገጠር ሰው ሕይወት ለእሷም ርካሽ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አላምንም። ግድ ያልሰጣት ደራሲ «አንድ ገበሬ» ብላ ታልፈው ነበር። ይህቺ ግን ሙሉ ስም ሰጠችው፣ ሥራ ሰጠችው፣ ማኅበር እንኳ ሰጠችው፤ ከዚያ ሪቻርድ እንዲያልፈው ተወችው፤ እኛም ከሪቻርድ ጋር እንድናልፈው። ሪቻርድ ራሱ ስለ ጉድለቱ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይናገራል፤ ለሚያምር ነገር ያለው ናፍቆት በሽታ መሆኑን ያውቃል። ዶሮ አርቢ የሚያምር ነገር አይደለም። ነዳጅ ማደያም አይደለም። ጎማም አይደለም።

ከትናንት ወዲያ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ መጽሐፉ አላወራሁትም። ዝናቡን ጠየቅኩት፤ መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ሥራ በዝቶልኛል አለኝ። ያን ቀን ግቢ በር ላይ የሆነውን ያስታውስ እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደንበኛ መጣበትና ዘጋው። እሁድ እሄዳለሁ፤ ከክበባችን ሁለቱ በመኪና ያደርሱኛል።

ለዛሬ ይኼው ነው። እናንተም መጽሐፉን ካነበባችሁት የተሰማችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ ባኒን የወደዳችሁት ካላችሁ በጣም ነው መስማት የምፈልገው፤ እስካሁን አንድም አላገኘሁም።

ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ የተወው የሂሳብ ባለሙያ ወዳጃችን፣ እሱ እንደገና ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት መልእክት ላከልኝ። «የሰውዬው ስም ያለው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ይላል። አልነገርኩትም። እያነበበ ይድረስበት።